ሸራው ላይ ያረፈው ብርሃን

በዚያ የወደብ ሰፈር የተጻፈ ነገር ካለ የእሷ እጅ አለበት። የዳቦ ቤቱ ሰሌዳ፣ የጥርስ ሐኪሙ በር፣ በየጀልባው ጎን ያለው ስምና ቁጥር፣ ከገበያው ጀርባ ባለው አጥር ላይ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ሳይቀር የእሷ ነው። ሰዉ ስሟን ከረሳው ቆይቷል፤ «ባለብሩሿ» ነው የሚላት። ፊደል ስትጽፍ ትንፋሿን ትይዛለች። ሱቃቸው ረጅም ስም ያለው ነጋዴዎች «አደራ፣ በእኛ ምክንያት እንዳትሞቺ» እያሉ ይቀልዱባታል።

አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላት ነው ከፊደል ሌላ ነገር እንድትሠራ የተጠየቀችው።

የጀልባ ጣቢያው መጠበቂያ አዳራሽ ታድሶ ነበር። ጣሪያው ተቀይሯል፣ አግዳሚዎቹ ተወልውለዋል፣ ከትኬት መቁረጫው መስኮት ፊት ለፊት ያለው ትልቅ ግድግዳ ግን ባዶውን አፍጥጦ ቀርቷል። የጣቢያው ኃላፊ፣ ሳቁ ከሆዱ የሚቀድም ሰው፣ አስጠርቶ ግድግዳውን አሳያት።

«ጀልባ ሣይልን» አላት። «ፀሐይ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ አንድ ሁለት ወፍ። መንገደኛው ጀልባ ሲዘገይበት እሱን እያየ እኛን መስደብ ይረሳል።»

«ጀልባ እሥላለሁ። ግን በሌሊት የሚሄድ ነው።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ራሷ የሰማችው። ማን እንዳናገራት አላወቀችም።

«በሌሊት? እንዴ! ሰው ጨለማ ለማየት እዚህ ድረስ ምን አመጣው? ዓይኑን ቢጨፍን አይበቃውም?»

«ሌሊት እኮ ጨለማ አይደለም።»

«የእኔ ቤት ግን ነው፤ አምፖሉ ከተቃጠለ ወር አለፈው» ብሎ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «በይ እሺ። ግን የሚታይ ሌሊት ይሁን። ሰኞ ሳምንት አይደለም፣ የዛሬ ወር ሰኞ ነው አዳራሹ የሚከፈተው።»

ያንን ሌሊት ከውስጡ ነው የምታውቀው።

አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የተወላቸው የሸራ ጀልባ ነው። መሪውን የእናቷ ታናሽ ወንድም ያዘው፤ ገመዱን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ታላቅ ወንድሟ። የሸንበቆ ምንጣፍ ጭነው ሐይቁን ተሻግረው ከማዶ ገበያ ያደርሳሉ። የሚነሡት ሲመሽ ነው፤ ቀን የሚያምሰው ነፋስ ሌሊት ይረጋል፤ ከኮረብታው ወርዶ ከኋላ ቀስ እያለ ይገፋል። ያን ቀን እሷም ካልሄድኩ ብላ አለቀሰች፤ ወንድሟ ትከሻው ላይ አድርጎ ጀልባው ውስጥ ጣላት፤ «አንድ ምንጣፍ ጨምረናል» አለ ለአጎታቸው።

የሌሊት ጀልባ አንድ ሕግ አለው። ፋኖሱ ጎኑ በተቀደደ ጣሳ ውስጥ ገብቶ ከምሰሶው ሥር ይቀመጣል፤ ብርሃኑ ወደ ፊት ብቻ እንጂ ወደ ኋላ አይወጣም። ከኋላ መሪ የያዘው ሰው ዓይኑን ጨለማ አስለምዶ ነው የሚሄደው። የሸራውን ጠርዝ ከሰማዩ ለይቶ ያያል፣ ነፋሱን በማጅራቱ ይሰማል፤ ሌላ ምንም የለውም። ዓይኑ ላይ ብርሃን ከመጣበት ለጊዜው ዕውር ነው፤ ዕውር ሲሆን እጁ ይስታል፤ እጁ ሲስት ነፋሱ በሸራው በሌላው ወገን ይገባና ሸራው በሙሉ ኃይሉ ይዞራል። ስለዚህ ያን ጣሳ የሚነካ አልነበረም። አባታቸው በሕይወት ሳለ «የነካው እጁ ይቆረጣል» ይል ነበር፤ እየሳቀ፣ ግን የምሩን።

ሐይቁ መካከል ሲደርሱ ከውሃው ነጫጭ ነገሮች መነሣት ጀመሩ። ክንፍ ያላቸው ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው፤ በዓመት አንድ ሁለት ሌሊት ብቻ ነው እንዲህ የሚወጡት። እሷ ግን ይህን አታውቅም። ያየችው ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ሰማይ ሲበተን ነው። በጣሳው ቀዳዳ ፊት ሲያልፉ ይነድዳሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ፤ ሺህ ሲጠፋ ሺህ ይመጣል። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተነሣ። እጇን ጣሳው ውስጥ ሰደደች፣ ፋኖሱን አወጣች፣ ክንዷ እስከሚችለው ከፍ አድርጋ ያዘች።

ሸራው በራ። ከታች እስከ ላይ፣ እራፊው፣ ስፌቱ፣ የውሃ እድፉ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የማር ቀለም ሆነ፤ ነጫጮቹም በዚያ ማር ውስጥ ይዋኙ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ከዚያ በፊት ማንም አልነገራትም። ፋኖሱን እንደያዘች ወደ ኋላ ዞራ ልትስቅ አፏን ከፈተች።

ሦስት፣ ምናልባት አራት እስኪቆጠር ነው። ጀልባው አንገቱን አዞረ፣ ሸራው ተላተመ፣ የሸራው የታች አግዳሚ እንጨት እያፏጨ መጣ። ወንድሟ ቆሞ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። የሰማችው ድምፅ ትንሽ ነበር፤ በር ሲዘጋ ያህል። ከዚያ ውሃ። እጇ፣ እሷ ሳታዘው፣ ፋኖሱን ወደ ጣሳው መለሰ።

አጎቷ ስሙን እየጠራ ውሃው ላይ አነጋ። ሬሳው የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው።

ለቅሶው ላይ አጎቷ ማንም ሳይጠይቀው ተነሥቶ ቆመ። «ተኝቼ ነው» አለ። «ሁለት ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም ነበር። አልሸፍንም፤ ሕልም ሁሉ ጀምሬ ነበር። በሕልሜ ብርሃን አየሁ፤ የነቃሁት ሸራው ሲላተም ነው።» እናቷ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ጀርባዋን ሰጥታው ወጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ቃል አልተለዋወጠችም።

እሷ በሩ ሥር፣ ጫማ ከተቆለለበት፣ ተቀምጣ ሁሉን ሰምታለች። አፏን ከፍታ ነበር። መልሳ ዘጋችው። ለሠላሳ አራት ዓመት።

አጎቷ መሪ የሚባል ነገር ሁለተኛ አልጨበጠም። ሸራ ሰፊ ሆነ፤ የጀልባ ሸራ ሲጠፋ ደግሞ የጭነት መኪና ሸራ። ሌሊት አይተኛም። ሱቁ ደጃፍ ላይ አምፖል አብርቶ በትልቅ መርፌ እየሰፋ ያነጋል፤ ቀን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ጥቂት ያንጎላጃል። ጎረምሶቹ «አቶ ነቅቶ» ብለው አወጡለት፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ባለብሩሿ በዚያ መንገድ አትሄድም። ከቤቷ ወደ ሥራዋ በገበያው በኩል ትዞራለች፤ አርባ ደቂቃ ታባክናለች።

እና አሁን ያንኑ ሌሊት ግድግዳ ላይ ማውጣት ጀመረች።

ንድፉን በወረቀት ሠርታ በከሰል ብናኝ ባሸችው ሲባጎ ግድግዳውን ከፋፈለችው፤ በየሳጥኑ ትንሽ ትንሹን አሳደገች። የጥቁር ቀለም ቆርቆሮውን አልከፈተችም። ሌሊቱን ከሰማያዊና ከቡና ዓይነት ቀለም ቀላቅላ ነው ያበጀችው፤ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረበች። ውሃው መጣ፣ ጀልባው መጣ፣ ምንጣፎቹ፣ ምሰሶው። ወንድሟ ከእነጥቅል ገመዱ መጣ፤ እሱን የሣለችው በአንድ ጠዋት ነው፤ ቤቷ ሄዳ ምሳ አልበላችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ከምሰሶው አጠገብ ሁለት መዳፍ የሚያህል ነጭ ግድግዳ። በየቀኑ ጠዋት ከሌላ ጥግ ትጀምራለች፤ በየቀኑ ማታ ያ ነጭ ቦታ ያያታል።

ፋኖሱን ጣሳው ውስጥ ባደርገው ማን ያውቅብኛል ትላለች። ወዲያው ደግሞ አጥንቷ ድረስ ይበርዳታል።

ሐሙስ ዕለት፣ አዳራሹ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው፣ ኃላፊው በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ።

«ባለብሩሿ! ሰው ይዤልሽ መጥቻለሁ። ገመዱን የሚያይልን ሰው ያስፈልጋል ብዬ ነው፤ ስንት ጀልበኛ እዚህ ይቀመጣል፣ አንድ ነገር ቢሳሳት ስቀው ይጨርሱናል። ለካ ዘመድሽ ኖሯል! ምነው ደበቅሽን?»

ከኋላው ሸራ ሰፊው ቆሟል። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል።

መሰላሉ ላይ እንዳለች ከብሩሿ ጠብታ ወርዶ ጫማዋ ላይ አረፈ።

«ደህና ዋልሽ፣ የእህቴ ልጅ።»

«ደህና ዋልክ፣ ጋሼ።»

«በይ ውረጂ። ከሰማይ ሆነሽ አታናግሪኝ፤ አንገቴ አይችልም።»

ወረደች። እሱ ወደ ሥዕሉ ቀረበና ከዳር እስከ ዳር ቃኘው። በመጨረሻ ሽማግሌው ጣቱን ወደ ሸራው ዘረጋ፤ አልነካውም።

«ይህ እራፊ የእኔ ስፌት ነው።»

«አዎ።»

«አራርቀሽ ሣልሽው፤ ስፌቴ ጠበቅ ያለ ነበር።» ከዚያ ወደ ገመዱ ወረደ። «ይሄኛው ደግሞ ውሸቱን ነው። ነፋሱ ከኋላ ከሆነ እንዲህ ምን አወጠረው? ላላ ይላል። ሦስት ጣት ወደ ታች አውርጂው።»

«አላልኩሽም!» አለ ኃላፊው። «ሦስት ጣት! እኛ እኮ ዕድሜ ልካችንን ብናየው አይገባንም ነበር።» የቢሮው ስልክ ጮኸ፤ «መጣሁ፣ መጣሁ፣ እንዳትሄዱ» እያለ ሮጠ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ኋላ የተቀመጠው እኔ ነኝ?» አለ አጎቷ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ዓይኔን ከፍተሽዋል።»

ብሩሹን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ክደኚው። ተኝቼ ነበር። ሰው ፊት ቆሜ የተናገርኩትን ነገር አንቺ በቀለም አታስተባብዪልኝ። ይቅርታ ከሆነ ያሰብሽው፣ እንዲህ ዓይነቱን አልፈልግም።»

«ይቅርታ አይደለም።»

«ታዲያ ክደኚው።» ኮፍያውን ራሱ ላይ ሊያደርግ አነሣ፤ እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ሥዕሉን ሌላ ነገር እንዳለበት አድርጎ ማየት ጀመረ፤ ሸራ ሲሰጡት ቀዳዳውን የሚፈልግበት ዓይን ነው። «ፋኖሱ የታለ?»

«ገና ነው።»

«ጣሳው ውስጥ ነው የምታደርጊው?»

«ገና አልወሰንኩም።»

«ምን ውሳኔ አለው? ጣሳው ውስጥ ነው። እዚያ ነበረ።» ዓይኑ ወደ ሸራው ወጣ። «ጣሳው ውስጥ ከሆነ ግን … ይህ ሸራ ከምኑ በራ?»

ያኔ እሷም ቀና ብላ አየች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአፍንጫዋ ተለጥፋ ስትሠራ ያላየችውን ከሱ ጎን ቆማ አየችው። ሸራው ከታች እስከ ላይ የማር ቀለም ነበር። የምንጣፎቹ ጠርዝ፣ የወንድሟ ጉልበት፣ የአጎቷ ግንባርና ሁለት ጉንጮች፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ በሚመጣ ብርሃን ተቀብተዋል። ፋኖሱን ብቻ ትታ ፋኖሱ የነካውን ሁሉ ሥላው ነበር። እጇ ከአፏ ቀድሞ ተናግሯል።

አጎቷ ጣቱን አነሣና ክር እንደሚከተል ሰው ብርሃኑን ተከተለው። ከጉንጩ ጀመረ፣ በምንጣፉ አለፈ፣ በሸራው ዞረ። ጣቱ ነጩ ቦታ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ከዚህ ነው የሚመጣው» አለ ቀስ ብሎ። «ይህ ደግሞ ከፍ ያለ ነው። ፋኖስ በራሱ እዚህ አይቆምም።»

«አንሥቼው ነበር።»

«ምን?»

«ፋኖሱን። ከጣሳው አውጥቼ አንሥቼው ነበር።»

«መቼ?»

«ሸራው ከመዞሩ በፊት።»

ሽማግሌው ኋላውን ሳያይ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። «ብርሃን አይቼ ነበር። በሕልሜ።»

«ሕልም አልነበረም፣ ጋሼ።»

«ወደ እኔ ዞረሽ ነበር?»

«ዞሬ ነበር። ስለሚያምር … አንተም እንድታየው ብዬ።»

ከውጭ አንድ ጀልባ ሞተሩን አስነሥቶ አጠፋ። ሽማግሌው ሁለት መዳፎቹን ዓይኖቹ ላይ ጭኖ ቆየ፤ ሲያነሣቸው ያለቀሰ ሰው ፊት አልነበረም።

«ሠላሳ አራት ዓመት አልጋ ስፈራ ኖርኩ» አለ። ድምፁ ከፍ አላለም፤ ለዚህ ነው ያስፈራት። «ጋደም ስል ያን ልጅ እንደገና የምገድለው ይመስለኛል። ማን ያገባኛል? ሌቱን ሙሉ ተቀምጦ የሚያድር ባል ለማን ይሆናል? በራሴ ላይ ፈረድኩ፤ ምስክሩም እኔ፣ ዳኛውም እኔ። አንቺ እዚያ ነበርሽ።»

«አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።»

«አውቃለሁ። አሥራ ሦስትም ሆኖሽ ነበር። ሃያም። አርባም።»

ብሩሹን በጨርቅ ትጠርገው ጀመር፤ ንጹሕ ነበር፤ ጠረገችው።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እሁድ ከሰዓት እዚህ አምጫት። አዳራሹ ባዶ ነው። እኔ ከበሩ ውጭ እቀመጣለሁ። በአፍሽ ትነግሪያታለሽ። የምትጠሪኝ ከሆነ ትጠሪኛለሽ፤ ካልጠራሽኝ ግን ራሴ እገባለሁ። እኔ ከነገርኳት ደግሞ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት አላውቅም። ሆዴ ውስጥ አሁን ምን እንዳለ አታውቂም።»

ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገ። በሩ ጋ ሲደርስ ሳይዞር «ገመዱን አትርሺ» አለ። «ሦስት ጣት።»

ኃላፊው ተመልሶ ሲመጣ እሷን መሰላሉ ሥር ቁጭ ብላ አገኛት። «ምን አሉ? ሌላም ስሕተት አለ?»

«አለ።»

«የሚስተካከል ነው?»

«እንጃ» አለችው።

እናቷና እሷ አብረው ነው የሚኖሩት፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ኮሪደር፣ ልብስ የሚሰጣበት ጠባብ ሰገነት። የእናቷን ዓይን ሞራ ሸፍኖታል። ቀለም ትለያለች፣ ሰው አትለይም፤ ሰውን የምታውቀው በእርምጃው ነው።

«ዛሬ እግርሽ ከብዷል» አለች እናቷ፣ በሩ ገና ሳይዘጋ። «ማን አስከፋሽ?»

«ደክሞኝ ነው።»

ሾርባ ቀርቦ ዳቦ ተቆረሰ። እናቷ ማንኪያዋን በሳህኑ ጠርዝ እያስኬደች ትበላለች፤ አንድ ጠብታ አታፈስስም።

«ጀልባው የማን ነው አልሽኝ?»

«የአባባ።»

«ውስጡ ማን አለ?»

«ሦስት ሰው።»

ማንኪያው ቆመ። «ያንንም ሣልሽው?»

«መሪ የያዘ ከሌለ ጀልባው እንዴት ይሄዳል፣ እማዬ?»

«እንግዲያው ፊቱን አታሳምሪው» አለች እናቷ። መብላቷን ቀጠለች፤ ግን ዳቦውን እየፈረፈረች ነው እንጂ አልጎረሰችም። «ልጄንስ አሳመርሽው?»

«አዎ።»

«ጆሮው ትንሽ ወጣ ያለ ነበር። እንዳታስተካክዪው።»

«አላስተካከልኩትም።»

አሁን ነው፣ አለች በልቧ። «እማዬ…»

«ወዬ።»

«ጨው ላምጣልሽ?»

«ጨው እኮ እጅሽ ሥር ነው።» እናቷ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች፤ የተሸፈኑት ዓይኖች ሳይርገበገቡ ቆዩባት። «የሆንሽው ነገር አለ።»

«የለም።»

ዓርብ ገመዱን ሦስት ጣት አወረደችው። ጀልባው ወዲያው ተነፈሰ፤ የሚገርም ነው፣ አንድ መስመር ላልቶ ነፋሱ በሙሉ ቦታውን ያዘ። ቅዳሜ በነጩ ቦታ ላይ አንዲት ልጅ ሣለች። ክንዷን እስከ ጣቷ ጫፍ ዘርግታለች፣ ፋኖሱ ጣሳ የለውም፣ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራለች። ፈገግታዋን ሦስት ጊዜ ፍቃ ሦስት ጊዜ መለሰችው። ልጅቷ መሳቅ ነበረባት፤ ያን ጊዜ ስቃለች።

እየሠራች ሳለ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ትንሽ አሳረፋት። እናቴ የጀልበኛ ሚስት ናት፣ አለች። ከጣሳ የወጣ ፋኖስ ስታይ የምትጠይቀው ነገር አይኖርም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ታውቃለች። እኔ ዝም ብዬ አጠገቧ እቆማለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰውን ነገር በግድግዳ ላይ ስትናገር ነው የኖረችው፤ የራሷም በግድግዳው ያልፋል መሰላት። የእናቷን ዓይን ነገር አልዘነጋችውም፤ ልቧ እንዳላወቀ ሆነ እንጂ። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ቀርባ ካየች ታየዋለች፣ ብላ ራሷን አታለለች።

እሁድ ከሰዓት እናቷን ክንዷን ይዛ አመጣቻት። እሱ ቀድሞ መጥቷል። ከበሩ ግራ፣ ጀልባ ከሚታሰርበት ብረት አጠገብ፣ በተጠቀለለ ገመድ ላይ ተቀምጧል። እርምጃውን እንዳታውቅበት ነው መሰል፣ ሁለት እግሮቹን ገጥሞ አንዲት ጣት አላንቀሳቀሰም። እናቷ በሁለት ክንድ ርቀት አለፈችው። ሽማግሌው የእህቱን ጫማ፣ የቀሚሷን ጫፍ፣ የነጣውን ፀጉሯን ተከትሎ አየ፤ ከዚያ የእህቱን ልጅ አየ። በዓይኑ በሩን አመለከታት።

ውስጡ ትኩስ የዘይት ቀለም ይሸታል።

«አቤት ስፋቱ!» አለች እናቷ፣ የድምፃቸውን ማስተጋባት ሰምታ። «አቅርቢኝ።»

አቀረበቻት። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አስጠጋች፣ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ወደ ግራ ተመለሰች። «ሰማያዊ ነው … አይ፣ ጥቁርም አለበት። እዚህ ላይ ትልቅ ቢጫ አለ። የሚሞቅ ቢጫ።» እጇን ዘረጋች፤ ጣቷ ልጅቷ የያዘችው ፋኖስ ላይ አረፈ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። እናቷ ጣቷን አሸተተችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«አይታይሽም?»

«ጉም ነው፣ ልጄ። ምን ታስለፊኛለሽ? ንገሪኝ።»

በሩ በኩል ጥላ ያለ መሰላት። የለም፤ ገና ነው። የምትሸሽበት ግድግዳ ግን አልቋል።

«ፋኖስ ነው» አለች።

«ከጣሳው ውጭ?»

«ከጣሳው ውጭ።»

የእናቷ ጣት አየር ላይ እንዳለ ቀረ። «ማን አወጣው?»

«እኔ። እኔ ነኝ፣ እማዬ። ያን ሌሊት ጋሼ አልተኛም ነበር። ነጫጭ ነገሮች ከውሃው ይነሡ ነበር፤ እነሱን ለማየት አወጣሁት፣ ከፍ አድርጌ ይዤ ወደ ጋሼ ዞርኩ። ዓይኑ ጠፋበት። ሸራው ዞረ። ከዚያ መልሼ ጣሳው ውስጥ አስቀመጥኩት፤ አላየኝም። እሱ የተኛ መሰለው። ሕልም ያለው የኔን ፋኖስ ነው። ሲናገር ሰምቻለሁ፣ በሩ ሥር ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ከዚያ ደግሞ በየዓመቱ ዝም አልኩ።»

አለቀ። እንዲህ አጭር መሆኑ አስደነገጣት።

እናቷ የጠየቀችው የማይጠበቅ ነገር ነው።

«ያምር ነበር?»

«እ?»

«ያየሽው ነገር። ያምር ነበር ወይ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አዎ» አለች። «ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ አላየሁም።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። በልጇ ክንድ ላይ የነበረውን እጇን አነሣች፤ ቢጫ የነካውን ጣቷን በቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች።

«እናታችን የሞተች ጊዜ» አለች፣ ለግድግዳው የምትናገር ይመስላል፣ «አጎትሽን ከሬሳው ወዲያ ማዶ አቆምኩት። ሊጠጋ ሲል እጄን እንዲህ ዘርግቼ ከለከልኩት። ሰው እያየ። ትዝ ይልሻል?»

«ትዝ ይለኛል።»

«አጠገቤ ነበርሽ።»

«አጠገብሽ ነበርኩ።»

«ሂጂ» አለች እናቷ። «ወንድሜን ፈልገሽ ጥሪልኝ።»

ወጣች። ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ሽማግሌው ገመዱ ላይ እንዳለ ነው፤ ሁለት ጉልበቶቹን በመዳፎቹ ይዟል።

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ምን አለች?»

«ወንድሜን ጥሪልኝ አለች።»

ወዲያው አልተነሣም። ውሃውን አየ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ኮፍያውን አውልቆ የት እንደሚያኖረው ጨነቀው። በመጨረሻ ለእሷ ሰጣት፤ አላያትም፣ እጇ ባዶ ስለነበረ ነው። ሦስቱን ደረጃ ወጥቶ ገባ። ከውስጥ የእግሩ ድምፅ ተሰማ፤ አራት እርምጃ፣ አምስት፤ ቆመ።

«አንተ ነህ?» አለ የእናቷ ድምፅ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ለመስማት ጆሮዋን ወደ በሩ አልጣለችም። አንድ ጊዜ አግዳሚው ሲጮህ ሰማች፤ ሁለት ሰው የተቀመጠበት ጩኸት ነው። ቀጥሎ ከሁለት አንዳቸው ማልቀስ ጀመሩ፤ ማን እንደሆነ አልለየችም። ኮፍያውን በሁለት እጇ ይዛ ደረጃው ሥር ቆመች። ማንም ግቢ አላላትም፤ ሂጂም አላላትም። ቆማ ጠበቀች።